ስኪ የሌለበት የተራራ ዕረፍት

ዘመኑ ወደ ታኅሣሥ በተቃረበ ቁጥር በውጭ አገር መጽሔቶች ውስጥ ስለ ተራራ ዕረፍት የሚናገረው ማስታወቂያ ይበዛል። ሥዕሉ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ነጭ ተራራ፣ የእንጨት ቤት፣ ሁለት ረዣዥም ሳንቃ በእግሩ አስሮ ቁልቁል የሚንሸራተት ሰው ነው። ከሥዕሉ በታች ደግሞ ስኪ የማያውቅ እንግዳ በዚያ ምን ሊሠራ እንደሚችል ይዘረዘራል፤ በእግር መንሸራሸር፣ ትኩስ ነገር መጠጣት፣ የጥንት ቤተ ጸሎት መጎብኘት፣ ልጆችን ማጫወት፣ አለዚያም ዝም ብሎ ተራራውን እያዩ መቀመጥ። እኛም ይህን አንብበን፣ በኒው ሀልፋ ሜዳ ላይ ከነቤተሰቡ ለሚኖር ሰው ከዚህ ሁሉ የትኛው ይደርሰዋል ብለን ዐሰብን። ከስኪው በቀር ሁሉም ይደርሰዋል።

ነገር ግን ስለ ጉዞው ከመናገራችን አስቀድሞ ስለ አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባብያን የፈረንጁን «ዊንተር» ሁልጊዜ «ክረምት» ብለው ይተረጉሙታል። በእኛ አቈጣጠር ግን ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው የዝናብ ወራት ነው፤ ፈረንጆች በበረዶ የሚጫወቱበት ጊዜ በእኛ ዘንድ በጋ ነው። ይህንኑ ወቅት ትግርኛ «ሓጋይ» ይለዋል፤ ግዕዙም «ሐጋይ» ነው። ሱዳኖች ደግሞ ቀዝቀዝ ያለውን ጊዜ «ሺታ»፣ የዝናቡን ወራት «ኸሪፍ» ብለው ይጠሩታል። ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። አንድ ሹም «በክረምት ወደ ከሰላ እንሄዳለን» ብሎ ለባለቤቱ ቢጽፍላት፣ እርሷም ቃሉን እንደ አማርኛነቱ ተቀብላ በሐምሌ ልጆቿን ብታሰናዳ፣ የጋሽ ወንዝ ሞልቶ ይቈያታል። ጋሽ የእኛው መረብ ነው፤ ከኤርትራ ደጋ ተነሥቶ በዝናብ ወራት በቍጣ ይወርዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ከከሰላ ከተማ ብዙ ቤት አፍርሷል። በጥር ግን ደረቅ አሸዋ ስለሚሆን ሕፃን ልጅ ይሮጥበታል። ስለዚህ «በበጋ» ወይም «በብርዱ ወራት» ብሎ መጻፍ ይበልጣል።

ኒው ሀልፋ የራሷ ተራራ የላትም። ከተማዪቱ የተቈረቈረችው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን፣ የአስዋን ታላቅ ግድብ ውሃ አገራቸውን እንደሚያሰጥመው የታወቀባቸው ሀምሳ ሺህ ያህል የዋዲ ሀልፋ ኑባውያን በባቡር ተጭነው በቡጣና ሜዳ ላይ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ለእርሻቸው ውሃ የሚሰጠው በአትባራ ወንዝ ላይ የተሠራው የኸሽም ኤል ጊርባ ግድብ ነው። አትባራን ከሚሞሉት ወንዞች ዋነኛው ሰቲት ነው፤ ሰቲትም ተከዜ ነው፤ ተከዜ ደግሞ የሰሜንን ተራሮች ዞሮ የሚወርድ ወንዝ ነው። በጥንት ዘመን በአዱሊስ በድንጋይ ላይ በጽርዕ ቋንቋ የተጻፈው የአንድ ንጉሥ ጽሕፈት ስለ እነዚህ ተራሮች ሲናገር፣ በረዶው ሰውን እስከ ጕልበቱ የሚያሰጥም መሆኑን ያነሣል። ጎርፉ ከዚያና ከሌላው ደጋ እየጠረገ ያመጣው አፈር ግድቡን እስኪያስጨንቀው ድረስ፣ ውሃ የመያዝ ችሎታውን ግማሽ ያህል በደለል አሳጥቶታል። እንግዲህ የኒው ሀልፋ ሰው ወደ ተራራ ባይሄድ እንኳ ተራራው በቦዩ በኩል ወደ እርሱ መጥቷል ማለት ነው። ልጆቹ ግን አፈሩን እንጂ ተራራውን አላዩትም።

በደኅናው ጊዜ ቢሆን፣ በገላባትና በመተማ አልፎ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ወደ ደባርቅ መውጣት፣ ጭላዳ ዝንጀሮን በሣር ላይ ተቀምጦ ሲግጥ ማየት እጅግ የሚያስደስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 በሚያዝያ በሱዳን፣ በዚያው ዓመት በነሐሴ ደግሞ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን ይህን መንገድ ልጆች ለያዘ ሰው አንመክርም። የቀረው የከሰላ ተራራ ነው፤ ከኒው ሀልፋ በስተ ምሥራቅ፣ በቀጥታ ቢለካ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

እዚህ ላይ፣ በጦርነት ዘመን ስለ ዕረፍት መናገር ይገባልን? የሚለን አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሰላም ኒው ሀልፋም ከቀያቸው የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦችን ተቀብለዋል፤ በዚያ ፊት ቅንጦት ማሳየት ነውር ነው። ነገር ግን የምንናገረው ስለ አንድ ቀን፣ ወይም ቢበዛ ስለ ሁለት ቀን ነው፤ ወጪውም የመኪና ዋጋና የቡና ዋጋ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ወሬ ብቻ እየሰማ ያደገ ልጅ፣ ከወሬው የሚረዝም ነገር አንድ ጊዜ በዓይኑ ቢያይ ምን ነውር አለበት? ይልቅስ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ነው። ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ፣ የመታወቂያ ወረቀት መያዝ፣ ስደተኛ የሆነም ሰው የመዘዋወሪያ ፈቃዱን ሳያወጣ ከሰፈሩ አለመነሣት ይገባል። በመንገድ ኬላ ላይ አባት ሲመለስ ያየ ልጅ ተራራውን ሳይሆን ያንን ያስታውሳል።

የከሰላ ተራራ፣ ታካ የሚሉት፣ ከሜዳው ላይ በድንገት የሚነሣ የጥቍር ድንጋይ ክምር ነው። ጫፉ እንደ ጕልላት የተድበለበለ፣ ጐኑ ዝናብና ነፋስ ያለሰለሰው ስለ ሆነ፣ ወደ ላይኛው መውጣት የገመድና የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። ለቤተሰብ የሚሆነው ቶቲል የሚባለው ክፍል ሥሩ ነው። በብርዱ ወራት እንኳ ቀትር ላይ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ የእግር ጉዞው በማለዳ ወይም ከዐሥር ሰዓት በኋላ መሆን አለበት፤ ይህን ሰዓት በእኛ አቈጣጠር እንጽፋለንና አንባቢ ከፈረንጁ እንዳያምታታው። ልጆች ለስላሳውን ድንጋይ ሲያዩ ሸርተቴ መጫወታቸው አይቀርም። አማርኛ ለስኪ የራሱ ቃል ባይኖረው ለዚህ ጨዋታ አለው፤ ጨዋታውም ሱሪ ከመቅደዱ በቀር ከስኪው የሚያንስበት ነገር አይታየንም። ዝቅ ካለው ድንጋይ ላይ ይፍቀዱላቸው፤ ከፍ ካለው ላይ ይከልክሏቸው።

ስኪን አናናቅን እንዳንባል ደግሞ፣ አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለ ማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010ም በቫንኩቨር በበረዶ ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ በስኪ መወዳደሩን፣ ትውልዱ ካናዳ የሆነው ሻነን አበዳም በ2018 እና በ2022 ለኤርትራ መወዳደሩን እናስታውሳለን። በረዶ ባላቸው አገሮች ያደጉት ልጆቻችን ተምረውታል፤ መልካም ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ወገኖቻችን በበጋ ተራራ መውረድና መውጣት ከጥንት ጀምሮ ያውቃሉ። የሐማሴንና የአካለ ጉዛይ ገበሬ በዚሁ ወቅት ከብቱን ነድቶ ወደ ባሕሪ ይወርዳል፤ የምሥራቁ ዐፋፍ ዝናብ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነውና። ይሁን እንጂ ያ ጉዞ ሥራ ነው። በዚያ ጉዞ ውስጥ የቤት እመቤት ከቤቷ ይልቅ በመንገድ ላይ ትደክማለች፤ ውሃ ትቀዳለች፣ ትጋግራለች፣ ቡና ታፈላለች። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ነን የምንለውስ ዕረፍት ስንወጣ ምን እናደርጋለን? ድስቱን፣ ምጣዱን፣ ከሰሉን፣ ጀበናውን ጭነን እንሄዳለን። አባት ጥላ ሥር ጋዜጣ ዘርግቶ «ደስ የሚል አየር ነው» ሲል፣ እናት በጢስ ውስጥ ሆና ዓይኗን ትጠርጋለች። ተራራውን ያየችው ዕቃ ስትጭንና ስታወርድ ብቻ ነው። ይህን ዕረፍት ብሎ መጥራት ለእርሷ ስድብ ይመስለናል።

በቶቲል ሥር ይህን ማስቀረት ይቻላል። የምሥራቅ ሱዳን ሰው ቡና ወዳድ ስለ ሆነ፣ ቡና የሚያፈሉ ሴቶች በተራራው ግርጌ ይገኛሉ፤ ቡናው በሸክላ ጀበና፣ ዝንጅብል በዝቶበት፣ በትናንሽ ስኒ ይቀርባል። ስኒውን ሱዳኖች ፊንጃን፣ በትግርኛም ፊንጃል ይሉታል፤ በአማርኛ ግን ስኒ ነው። ወይዘሮዪቱ ትቀመጥ፤ ቡናው ይቀዳላት፤ ሕፃኑንም ባለቤቷ ይያዘው። ቡና ሻጪቱ ራሷ በጦርነቱ ከቤቷ የወጣች ልትሆን ትችላለችና፣ በዋጋ አለመከራከር ደግ ነው። አንዳንድ ባሎች «ገንዘቡ ይብቃን፣ ከቤት ይዘን እንሂድ» ማለታቸውን እናውቃለን። እኛ ግን ለእነዚህ ሰዎች የምንመልሰው፣ ምሳውን ደረቅ እንጀራ ወይም ዳቦ አድርገው ቡናውን ግዙ ብለን ነው። ያቺ አንድ ሰዓት ከጉዞው ሁሉ ዋጋ ያላት ናት።

ከቡናው በኋላ ጊዜ ከተረፈ፣ ከተራራው ሥር የኸትሚያ መስጊድና የሰይድ ሐሰን አል ሚርገኒ መቃብር አለ። ከሩቅ የሚታየው የመቃብሩ ጕልላት ላዩ ክፍት ነው። የጸሎት ስፍራ ስለ ሆነ የሌላ ሃይማኖት ሰው በሥነ ሥርዓት ፈቃድ ጠይቆ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ፎቶግራፍ ለማንሣትም አስፈቅዶ ሊያየው ይገባል። በጋሽ ዳር ያሉት የፍራፍሬ አትክልቶችም ይታያሉ፤ ብርቱካኑንና ሙዙን ከዚያው ከገበያ መግዛት ነው።

ማምሻውን በጊዜ መነሣት ያስፈልጋል። ብርዱ ለኒው ሀልፋ ሰው ቀላል ቢመስልም፣ በክፍት መኪና ላይ ሌሊት ልጅን ያሳምማልና ለእያንዳንዱ አንድ ነጠላ ወይም ሹራብ ይያዝለት።

የቶቲልን ምንጭ ውሃ የጠጣ ሰው ወደ ከሰላ ሳይመለስ አይቀርም የሚል አባባል በዚያ አገር አለ፤ ሙሽሮችም ለጫጕላ ወደዚያ የሚሄዱት ስለዚህ ነው ይላሉ። እኛ ለልጆች የፈላ ውሃ ከቤት ይዞ መሄድን እንመርጣለን። ወይዘሮዪቱ አንድ ጕንጭ ልቅመስ ብትል ግን አንከለክላትም።