ቦሎው ተለጥፏል፤ ፍሬኑስ?

ባለፈው እትም አንድ ጓደኛችን «አሮጌ መኪና ከመንገድ ይወገድ!» ሲል የጻፈውን ሳታነቡት አልቀራችሁም። ብዕሩ ስል ነው፤ ይህን አልክድም። ከተማችንን ያጥለቀለቁትን ትንንሽ ቪትዞች «ጎማ የተገጠመላቸው የሬሳ ሣጥኖች» ያለበት ቦታ ላይ ስንደርስ፣ መኝታ ክፍላችን ውስጥ ያልሳቀ አልነበረም። እኔም ስቄያለሁ። ከሳቅሁ በኋላ ግን ደሜ ፈላ። ጓደኛችን ተኩሶ የመታው ጥላውን ነዋ! ባለጥላው በሰላም አለፈ።

ነገሬን ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልናገር። አምና ወንድሜ መኪና ገዛ። «ገዛ» ማለት በእኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ዕቁብ ተጥሎ፣ የእናታችን የአንገት ወርቅ ተሸጦ፣ የጎደለውን ከአክስታችን ተበድሮ! የተገዛችው እ.ኤ.አ. በ2001 የተሠራች፣ ሞተሯ አንድ ሺሕ ሲሲ ለመሙላት ጥቂት የሚቀረው ቪትዝ ናት። በስልክ የሚጠራ ታክሲ አድርጎ ሊሠራባት፣ ከምታስገባውም እኔን ሊያስተምር። ደላላው ምን አለ? «ንክች የለባትም! ካላመንከኝ ቦሎዋን እየው፤ የዘንድሮ ነው።» ወንድሜም አየ። ቦሎው በእርግጥም የዘንድሮ ነበር፤ ከተለጠፈ ሦስት ሳምንት አልሞላውም። ከዚያ በላይ ምን ይጠየቃል?

በአራተኛው ቀን እናታችንን እንጦጦ ማርያም አድርሶ ሲመልሳት፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ያዘ። መኪናዋ ወደ ግራ ሳበችው። ደግሞ ረገጠ፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ወረደ። ማርሽ እየቀነሰ፣ የእጅ ፍሬን እየጎተተ፣ በመጨረሻ ከመንገዱ ዳር ካለው አፈር ጋር አላትሞ አቆማት። የእናታችን ግንባር ተፈነከተ። ከዚህ የከፋ አለመድረሱን እሷ የማርያም ሥራ ነው ትላለች፤ እኔም አልከራከራትም።

ጋሼ ብለን የምንጠራቸው የሰፈራችን መካኒክ የኋላውን ጎማ ፈተው ታምቡሩን ከፈቱ። የቀኙ ፍሬን ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ሲፋጭ ኖሯል። የሲሊንደሩ ጎሚኒ ተበልቷል፤ የፍሬን ዘይቱም ውስጥ ለውስጥ ሲፈስ ከርሟል። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ልጄ፣ ይኼ የሦስት ሳምንት ሥራ አይደለም፤ ቆይቷል» አሉ።

ወንድሜ ሊብሬውን ይዞ መኪናዋ ተመረመረች ወደተባለበት ቦታ ሄደ። የቦታውን ስም አልጠራም፤ ጠቤ ከአንድ ግቢ ጋር አይደለምና። የቀኙ የኋላ ጎማ ፍሬን ሲለካ ስንት አሳየ? «አልፋለች።» የግራውስ? «አልፋለች።» እሺ፣ የመረመራትን ሰው ላግኘው? «አልፋለች አልንህ እኮ! ምን ትፈልጋለህ?»

እስቲ ጓደኛችን ይመልስልኝ። እናቴን ሊገድል የነበረው የመኪናዋ ዕድሜ ነው? ወይስ ይህች «አልፋለች» የምትባል ቃል?

እኛ ተማሪዎች ይህን ነገር ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባ ነበር። ፈተና ተፈትነን «ሲ» ተሰጥቶን ወረቀቱ ሳይመለስልን ሲቀር ምን እንላለን? የትኛውን ጥያቄ ሳትኩ? ማነው ያረመው? በየትኛው መለኪያ? እያልን በር እናንኳኳለን፤ ዲፓርትመንት እንከሳለን። ለአንድ «ሲ» ይህን ያህል የምንጮህ ሰዎች፣ ነፍስ ለተሳፈረበት ውጤት ወረቀቱን የማንጠይቀው ለምንድን ነው?

ቃሉን ራሱን ተመልከቱት። «ቦሎ» ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ማኅተም ወይም ቴምብር ማለት ነው። ከጣሊያን የወረስነው የመኪና ቃል ብዙ ነው፤ ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ታርጋ። የሌሎቹ ግልጋሎት ይታያል። ጎማው ይሽከረከራል፣ ማርሚታው ጩኸት ያፍናል። ቦሎ ግን ቴምብር ነው፤ ቴምብር ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የሚመሰክረው ክፍያ መከፈሉን ነው። ዛሬም መስተዋቱ ላይ ሆኖ የሚነግረን ይህንኑ ነው፤ መጣ፣ ከፈለ፣ ሄደ። ስለ ፍሬኑ አንድም ቃል አይተነፍስም።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የወጣ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለ። መሣሪያ የለም እንዳትሉኝም። የፍሬን መመርመሪያው አሠራር ይታወቃል፤ ጎማው በሚሽከረከሩ ሮለሮች ላይ ይቆማል፣ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ መሣሪያው የእያንዳንዱን ጎማ የማቆም ኃይል ለየብቻው ይለካል። የቀኝና የግራው ልዩነት ከሰፋ መኪናው ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይስባል፤ ወንድሜን እንደሳበው። እንግዲህ መኪናዋ በእውነት ተለክታ ከሆነ ቁጥሩ ነበረ ማለት ነው። ቁጥሩ ከነበረ ከገዢው ለምን ተደበቀ? ካልነበረ ደግሞ ቦሎው በምን ተለጠፈ? ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ሦስተኛ መንገድ የለውም።

ጓደኛችን «በሠለጠነው ዓለም አሮጌ መኪና አይታይም» ይላል። በየትኛው ሠለጠነ ዓለም? እንግሊዞች ኤም.ኦ.ቲ. የሚሉትን ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲጀምሩ አሥር ዓመት የሞላቸውን መኪኖች እንወርውር አላሉም፤ እንመርምር ነው ያሉት። በ1967 ምርመራው ከሦስት ዓመት ዕድሜ እንዲጀምር አደረጉ። ዛሬ እዚያ አገር አሮጌ መኪና ሊገዛ የፈለገ ሰው፣ የታርጋውን ቁጥር ብቻ አስገብቶ የመኪናውን የምርመራ ታሪክ ያለ ክፍያ ያነባል። በዚህ ዓመት በፍሬን ወደቀ፤ በዚያኛው አለፈ፣ ነገር ግን ሥሩ ዝገት ጀምሮታልና ይታሰብበት ተብሏል፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይህን ያህል ያነብ ነበር። ሁሉም ተጽፏል። ቆጣሪውን ወደ ኋላ መልሶ «ብዙ አልተነዳችም» ብሎ መማል እዚያ ቀላል አይደለም፤ ያለፉት ዓመታት ቁጥሮች ቆመው ይመሰክሩበታል። እስቲ ከእኛ ደላሎች መካከል ይህን ፈተና የሚያልፈው ስንቱ ነው?

ጀርመኖች ደግሞ ወደፊት ሄደዋል። አዲስ መኪና በሦስት ዓመቱ፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል። የመርማሪዎቹ ማኅበር ውጤቱን ሰብስቦ፣ የትኛው ሞዴል በስንት ዓመቱ ምን ያህል ጉድለት እንደተገኘበት በየዓመቱ ለሕዝብ ያወጣል። በዚያ ሰንጠረዥ ጉድለት ከዕድሜ ጋር ይጨምራል፤ እዚህ ላይ ጓደኛችን እውነት አለው። ነገር ግን እኩል ዕድሜ ባላቸው መኪኖች መካከል ያለው ልዩነትም ትልቅ ነው። አንዱ በአሥር ዓመቱ ደኅና፣ ሌላው በአሥር ዓመቱ የጋራዥ ደንበኛ። ይህን ልዩነት ያወቁት ጽፈው ስላስቀመጡት ነው። እኛስ? «ቶዮታ ነው፣ አይበላሽም» እየተባባልን እንገዛለን። የቪትዝ ወንድም የሆነው ያሪስ እ.ኤ.አ. በ2000 በአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ መመረጡ እውነት ነው። ሽልማቱ ግን የተሰጠው ለሞዴሉ ነው፤ ወንድሜ ለገዛት፣ ሸራዋ ላለቀው፣ ስንት ሰው እንደነዳት ለማይታወቀው መኪና አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለት የሚምታቱ ነገሮች ልለይ። መኪና ምርመራ አለፈ ማለት አስተማማኝ ነው ማለት አይደለም። ምርመራው የሚያየው ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ፣ መብራት፣ ጭስና የመሳሰለውን ነው፤ ሞተሩ ዘይት ይጠጣ እንደሆነ፣ ፍሪሲዮኑ ነገ ያልቅ እንደሆነ አይነግርህም። ደግሞም የአንዲት ቀን ፎቶግራፍ ነው። ወድቋል ማለትም መኪናው ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ በአንድ የተቃጠለ አምፖል የሚወድቅ አለ። አንዷ ፎቶግራፍ ብቻዋን ብዙ አትናገርም። የአሥር ዓመት ፎቶግራፎች ተደርድረው ሲታዩ ግን መኪናው እንዴት እንደተያዘ ሳትጠይቁት ይነግሯችኋል። እኛ በየዓመቱ ፎቶግራፉን እናነሳለን፤ ከዚያ አልበሙን እንጥለዋለን።

«ችግሩ መርማሪው ብቻ ነው» ማለትም ራስን ማታለል ነው። በየሰፈራችን የምርመራው ቀን ሲደርስ ምን ይደረጋል? ሊሾ የሆነው ጎማ ይፈታና ከጎረቤት መኪና ጥርስ ያለው ጎማ ተውሶ ይገጠማል። እሳት ማጥፊያው ከአንዱ፣ ባለሦስት ማዕዘኑ ምልክት ከሌላው ይሰበሰባል። መኪናዋ እንደ ሙሽራ በውሰት ጌጥ ደምቃ ትሄዳለች፤ ማታ ሁሉም ለየባለቤቱ ይመለስና በነጋታው በሊሾ ጎማዋ ሰው ጭና ትወጣለች። ማንን ነው የምናታልለው? መርማሪውን? እሱማ በእግሩ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው! «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት አባቶቻችን ስለ እኛ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ተቃውሞ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። «ውጤቱ ከተገለጠ የድሃው መኪና ዋጋ ይወድቃል፤ አንተ የድሃ ጠላት ነህ» የሚል አይጠፋም። ድሃው ማነው? ሻጩ ብቻ ነው? ዕቁቡን ይዞ የሚገዛው፣ ኋላ ወንበር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ የምትሳፈረው፣ መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጠውስ? ጉድለቱ ሲደበቅ ዋጋው አይጠፋም፤ ከሻጩ ትከሻ ወርዶ ማንም ሳይነግራት በእናቴ ግንባር ላይ ያርፋል። ደግሞስ በሚገባ የተያዘ መኪና ያለው ሐቀኛ ሻጭ ታሪኩን ቢያሳይ ይጎዳል ወይስ ይጠቀማል?

የጓደኛችን «ይወገድ» ደግሞ ለማን ነው የሚጠቅመው? ላዳ ስንት አሥርት ዓመት ይህን ከተማ እንዳመላለሰ ሁላችንም እናውቃለን። አሮጌ ነበር፤ ግን ያሳደገው ቤተሰብ ስንት ነው! ዛሬ ደግሞ ነገሩ ከፍቷል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ኤሌክትሪኩን የሚችል ይግዛ። የወንድሜ ቢጤ ግን ገና ለብዙ ዓመት እነዚያኑ ቪትዞች ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ይኖራል። ስለዚህ «ይወገድ» ማለት ለማይሰማው መጮህ ነው። የሚያዋጣው «ይታወቅ» ማለት ነው።

እና ምን ይደረግ? እኔ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የምርመራው ውጤት ከነቁጥሩ፣ ጎማ በጎማ፣ ተጽፎ ከቦሎው ጋር ለባለመኪናው ይሰጥ፤ የመረመረው ሰው ስምና ፊርማም ይኑርበት። ሁለተኛ፣ በሻንሲ ቁጥሩ ይቀመጥና መኪናውን ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ ያለፉትን ዓመታት ውጤት ከነኪሎ ሜትር ንባቡ ለማየት መብት ይኑረው። ሦስተኛ፣ ገና ያልከፋ ጉድለት «ይህን በዚህ ጊዜ አስጠግን» ተብሎ ይጻፍ፤ ባለመኪናው የሚደብቀው ሳይሆን የሚያስጠግነው ይሁን። ይህ ሁሉ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። መሣሪያው ያነበበውን መጻፍ ብቻ ነው።

ወንድሜ መኪናዋን አልጣላትም። ሸራውንና ሲሊንደሩን አስቀይሮ፣ ዘይቱን አስለውጦ አሁንም ይሠራባታል፤ እኔም በእሷ ገቢ እየተማርሁ ይህን እጽፋለሁ። ጋሼ የሠሩትን ሁሉ በአንዲት የደብተር ቅጠል ላይ ከነቀኑ ጽፈው ሰጥተውታል። ወንድሜ ቅጠሏን ከሊብሬው ውስጥ አስቀምጧታል። መኪናዋን ለሸጠላት ቀን ለገዢው ሊያሳይ ነው። ጓደኛዬ ሆይ፣ የሬሳ ሣጥን ያልካት ያቺ ናት። ለመሆኑ አንተ ትናንት ማታ ወደ ግቢ የተሳፈርክበት መኪና ፍሬን እንዴት ነበር? ቦሎውንማ አይተኸዋል።