«ደብተሩን አሳየኝ» ማለት ምቀኝነት ነው?

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ዕቁብ ገብታችሁ የምታውቁ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጸሐፊውን «ደብተሩን አሳየኝ» ያለ አባል «ምቀኛ» ተብሎ ያውቃል? ዳኛው ባለበት ደብተሩ ይገለጣል፣ ማን ከፈለ ማን ቀረ ይነበባል፣ ዕጣውም ሰው ሁሉ እያየ ይወጣል። የደረሰው ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይነካትም። «ተጠረጠርኩ» ብሎ የሚያኮርፍም የለም።

ነገሬ ግን ስለ ዕቁብ አይደለም። የእነዚሁ ከተሞች ልጆች ለቴሌግራም ስለሚጽፉት ስክሪፕት ነው።

ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2015 ለቦት በሩን ከከፈተ ወዲህ፣ ፓይተን ትንሽ የሞካከረ ተማሪ በጥቂት መስመር ኮድ መልእክት የሚቀበልና የሚመልስ ነገር መሥራት ይችላል። የዩኒቨርሲቲ ዶርምም በሉት ካፌ፣ ላፕቶፕና ዳታ ያለው ልጅ ይሠራል፦ ለቤት ኪራይ፣ ላገለገለ ዕቃ፣ ለፈተና ጥያቄ… ለዕቁብም ጭምር። ጎሽ! ችግሩ የሚመጣው ልጁ ኮዱን ለጓደኞቹ የለቀቀ ቀን ነው። «ዋው!» «አንበሳ!» «እሳት ነህ ወንድሜ!» የጭብጨባው ምልክት ይዘንባል። ለመሆኑ ካጨበጨበው ውስጥ ፋይሉን የከፈተው ስንቱ ነው?

አንዱ ይከፍትና «እዚህ ጋ ስህተት አለ» ይላል። አለቀለት! «አንተስ ምን ሠራህ?» «ሰው ሲነሳ ዓይንህ ይቀላል?» «ምቀኛ!» ሰውዬው አፉን ይይዛል። በሚቀጥለው ጊዜ እሱም «ዋው» ብሎ ያልፋል።

ምን እንደምናጣ በምሳሌ ልንገራችሁ። ቦቱ የዕቁብ ዕጣ የሚያወጣ ነው እንበል። ሰብሳቢው «ዕጣ አውጣ» የሚለውን ሲጫን ኮምፒውተሩ ከስም ዝርዝሩ ውስጥ አንዱን በዘፈቀደ ይመርጣል። ሲያዩት እንከን የለውም። ግን ሰብሳቢው ደግሞ እንዳይጫን የሚከለክለው መስመር የለም፤ የመጀመሪያው ዕጣም የትም አልተመዘገበም። ስለዚህ ቤቱ ቁጭ ብሎ የአማቹ ስም እስኪወጣ አራቴም አምስቴም ይጫንና «እንኳን ደስ ያለህ!» ብሎ ለአባላቱ ይልካል። ኮዱን የጻፈው ልጅ ሌባ አይደለም፤ ጭራሽ አላሰበውም። ያላሰበውን የሚያስብለት የሌላ ሰው ዓይን ነበር፤ እሱን ነው «ምቀኛ» ብለን ያባረርነው።

ይባስ ብሎ፣ ቦትፋዘር ለእያንዳንዱ ቦት የሚሰጠው ቶክን የሚባል ምስጢራዊ ቁልፍ አለ። ልጁ በችኮላ ቶክኑን ኮዱ ውስጥ እንደተወው ያካፍለዋል። ያገኘው ሁሉ በቦቱ ስም መናገር ይችላል፦ «የዚህ ሳምንት ዕቁብ በዚህ አካውንት ይግባ» ብሎም መላክ ይችላል። አባላቱ የሚያዩት የለመዱትን ቦት ነው፤ ይከፍላሉ።

ይሄ ደግሞ የእኛ ዘመን ብቻ ጉድ አይደለም። ከቴሌግራም በፊት የዓለም ወጣት የሚያወጋው አይአርሲ በሚባለው መንገድ ነበር። ኤምአይአርሲ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ ሰው የራሱን ስክሪፕት እየጻፈ ይለዋወጥ ጀመር። በ1997 «ስክሪፕት.አይኤንአይ» የተባለች ፋይል ተነሳችና የወሬ ክፍል ለገባ ሰው ሁሉ ራሷን ትልክ ገባች። የጫናት ሰው ደግሞ ሳያውቀው ለሌላው ያስተላልፋታል፤ የባለቤቱን የግል ወሬ ለባዕድ አሳልፈው የሚሰጡ ዝርያዎችም ነበሯት። የሚገርመው ፋይሏ ተራ ጽሑፍ ነበረች። የሚከፍታት ሰው ቢኖር ጉዷ ሜዳ ላይ ነው!

ደግሞ ተቺ ነኝ ባዩም ጻድቅ አይደለም። «ይሄ ቆሻሻ ነው» ብሎ የሚሄድ አለ፤ የትኛው መስመር? ምን ቢሆን ይሻላል? ወዳጄ፣ ያንተ ከአጨብጫቢው በምን ይሻላል? እሱም አላነበበም፣ አንተም አላነበብክም።

«ስሜን ፍቀው ይሸጡብኛል» ብሎ ኮዱን የሚደብቅ ልጅም አለ፤ በዚህ አልፈርድበትም። ስሙን የሚፍቁበት እውነት ነው። ነገር ግን የጉራጌ መንደር መሀል የተዘረጋውን ጀፎረ እዩት፦ ለሠርጉም፣ ለለቅሶውም፣ ለፈረስ ግልቢያውም የጋራ ነው፤ አጥሩን ወደ ጀፎረ የገፋ ሰው በመንደሩ ፊት ይጠየቃል። ጀፎረን የሚጠብቀው ዘወትር የሚመላለስበት ሕዝብ ነው። የአንድን ልጅ ኮድ መስመር በመስመር አንብበው የተከራከሩ አሥር ሰዎች ካሉ፣ አስራ አንደኛው ስሙን ፍቆ ሲመጣ «ይሄማ የእገሌ ነው!» ይሉታል። ያጨበጨበው መቶ ሰው ግን ከየት አውቆ?

ያ የተረሳ ቶክን እንኳ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ቦትፋዘር ጋ ገብቶ አሮጌውን መሰረዝና አዲስ መቀበል ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም። አንድ ሰው «ወንድሜ፣ አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ቁልፍህን ረስተሃል» ቢለው ልጁ ማታውኑ ይቀይረው ነበር። እስካሁን ማንም አላለውም። ኮዱ ከስልክ ስልክ እየተላለፈ ነው፣ ጭብጨባውም ቀጥሏል።