ዝርያው የጌታው፣ ውሻው የዘበኛው

«ስፖርት የሚወድ ሰው ስፖርተኛ ዘር ይግዛ» የሚለው ምክር ከፈረንጅ አገር ተነስቶ እኛ ሰፈር ከደረሰ ቆይቷል። ለሚሮጥ ሀስኪ፣ ተራራ ለሚወጣ ጀርመን ሼፐርድ፣ ልጆቹን ይዞ ሜዳ ለሚወርድ ላብራዶር፤ ጂም ለሚሠራ ደግሞ፣ ምክንያቱ እንኳን ሳይነገር፣ ሮትዌለር ወይም ፒትቡል። ቡችላውን ብብቱ ሥር ይዞ መንገድ ዳር የቆመው ልጅ ይህንኑ ይላል፤ በቴሌግራም ፎቶ የሚለጥፈው ነጋዴ ይህንኑ ይላል፤ አሜሪካ ከርሞ የመጣው ዘመድም ይጨምርበታል እንጂ አይቀንስም። እኔ ግን ምክሩ ከሥሩ የተበላሸ ነው ባይ ነኝ። የሚጠቅመው ሻጩን ነው።

አያት ወይም ሲኤምሲ አካባቢ ካሉት ባለፎቅ ግቢዎች ወደ አንዱ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጎራ በሉ። ባለቤቱ የመንገዱን መጨናነቅ ሽሽት ገና በጠዋቱ ወጥቷል። ውሻው ከመኪና ማቆሚያው ጎን ታስሯል። ሰንሰለቱ እስከደረሰበት ድረስ ሣሩ በግማሽ ክብ ተልጦ መሬቱ አፈር ሆኗል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሣር ለምለም ነው። የምሳ ትራፊውን የሚያቀርብለት ዘበኛው፣ ውሃውን የሚቀይርለት ዘበኛው፣ ማታ በር ሲዘጋ የሚፈታውም ያው ዘበኛው ነው። እሑድ ሲሆን ጌታው የስፖርት ጫማውን አጥልቆ ይወርዳል፣ ውሻውን መኪና ላይ ይጭናል፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ግማሽ ሰዓት አስሩጦ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ዝርያው የተመረጠው፣ ገንዘቡም የወጣው ለዚያች ግማሽ ሰዓት ነው።

ዝርያውን ከገዢው ኑሮ ጋር የሚያጋጥመው የሻጮቹ ሠንጠረዥ «የአንተ የኑሮ ዘይቤ» እያለ የሚያወራው እንግዲህ የማን ኑሮ ነው? ውሻው የሚኖረው የዘበኛውን ኑሮ ነው። ዘበኛው ቀን የሚያሸልብ፣ ሌሊት የሚነቃ፣ ከበሩ ሃምሳ ሜትር የማይርቅ ሰው ነው፤ ቡችላው ሲገዛ ግን ማንም አላማከረውም። ብዙ ጊዜ ውሻ እንደሚወድ ወይም እንደሚፈራ እንኳን አልተጠየቀም። ዱባይ በሰው ቤት የሠሩ እህቶቻችን ይህን ነገር ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ውሻው የማዳም ነው፣ በዚያ ሐሩር ይዞት የሚወጣው ግን ሌላ ሰው ነው።

ሠንጠረዡ ራሱ ከየት መጣ? እንግሊዝ ውስጥ የመጀመሪያው የውሻ ትርዒት ኒውካስል ላይ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። ኬኔል ክለብ የተባለው ማኅበር በ1873 ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የዝርያ መለኪያ እየተጻፈ ውሾች ዳኛ ፊት መቆም ጀመሩ። ዳኛው የሚያየው የጆሮውን አቋቋም፣ የፀጉሩን ቀለም፣ የጀርባውን መስመር፣ ቢበዛ ክቡን ሜዳ ሲዞር አረማመዱን ነው። ውሻው ዝናብ ውስጥ 20 ኪሎ ሜትር ሮጦ በማግሥቱ ለመድገም ፈቃደኛ ይሁን አይሁን የሚያይበት መንገድ የለውም። ይህን ከማንም በፊት የተረዱት እረኞች ናቸው። እንግሊዝና ስኮትላንድ ውስጥ በበግ አጋጅነቱ የታወቀውን ቦርደር ኮሊን የሚመዘግበው ዓለም አቀፍ ማኅበር በ1906 ሲቋቋም ትኩረቱ ሥራ ላይ ነበር፤ ውሻው በግ ማገድ ይችላል ወይስ አይችልም? የአሜሪካው ኬኔል ክለብ በ1995 ቦርደር ኮሊን ከሚያወዳድራቸው ዝርያዎች ተርታ ሲያስገባ፣ ውሻውን ለሥራ የሚያረቡት ሰዎች አጥብቀው ተቃውመውት ነበር። የፈሩት ቁንጅና ሥራውን እንዳይበላው ነው።

የሀስኪ ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። ሳይቤሪያን ሀስኪ ስሙን ያተረፈው በ1925 አላስካ ውስጥ ኖም በተባለች ከተማ የጉሮሮ ዘጊ በሽታ ሲገባ፣ መድኃኒቱን በበረዶ ላይ እየተቀባበሉ ካደረሱት የውሻ ቡድኖች ነው። ሊዮናርድ ሴፓላና ቶጎ የተባለው መሪ ውሻው የዚያ ታሪክ ባለቤቶች ናቸው። የአሜሪካው ክለብ ዝርያውን በ1930 ዕውቅና ሰጠው። ታዲያ ዛሬ በዚያው አላስካ፣ ወደ 1,600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውንና ከ1973 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደውን የኢዲታሮድ ውድድር የሚያሸንፉት ውሾች ምን ዓይነት ናቸው? አላስካን ሀስኪ ይባላሉ፤ ስሙ ያሳስታል እንጂ ክለቡ የሚያውቀው ዝርያ አይደሉም። ዲቃላ ናቸው። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ጆሮው የወደቀ፣ አንዱ የቆመ። የሚያራባቸው ሰው የሚያውቀው እናትና አባታቸው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጡ፣ የእግራቸው መዳፍ ጠንካራ እንደሆነ፣ ደክመው ሳለ ምግብ መብላት እንደማይተዉ ነው። ስካንዲኔቪያ ውስጥም ለአጭር ርቀት ውድድር የሚታመነው አላስካን ሀስኪን ከጀርመን አዳኝ ውሻ ያዳቀሉት ዩሮሃውንድ ነው። ከውሻ ጋር መሮጥን እንጀራቸው ያደረጉ ሰዎች የዝርያ ወረቀቱን ከጣሉት፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚሮጥ የአዲስ አበባ ሰው ለዚያች ወረቀት የወር ደመወዙን የሚከፍልበት ምክንያት አይገባኝም።

ሳይንሱም ለሻጩ አያደላም። በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት ከ18 ሺህ በላይ ውሾች ባለቤቶችን ስለ ውሾቻቸው ጠባይ ጠይቆ፣ ከ2 ሺህ በላይ የሚሆኑትን ዘረ መል መርምሯል። በአንዱና በሌላው ውሻ መካከል ከሚታየው የጠባይ ልዩነት ዝርያው ሊያስረዳ የቻለው 9 በመቶ ያህሉን ነው። ጠባይ አይወረስም ማለት አይደለም፤ የተወረወረ ነገር ማምጣትና ለሰው ትእዛዝ ቶሎ ምላሽ መስጠት ከሌላው ይልቅ ወደ ዝርያ የሚያደሉ ሆነው ተገኝተዋል። ነገር ግን «ሀስኪ ስለሆነ እንዲህ ያደርጋል» ብሎ አንድ የተወሰነ ቡችላ ላይ መወራረድ ኪሳራው የበዛ ቁማር ነው።

ዝርያ ከንቱ ነው አልልም። የሰውነት ቅርጽ ጠባይ አይደለም፤ አይዋሽም። ፍሬንች ቡልዶግ አፍንጫው ስለተጨፈለቀ አየር እንደልብ አያገኝም። ውሻ ደግሞ ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው፤ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ አያልበውም። ስለዚህ ቡልዶግ ይዞ የሚሮጥ ሰው ውሻውን ሊገድለው ይችላል። ሀስኪም ድርብ ፀጉሩ የተሠራው ለበረዶ ነው፤ አዲስ አበባ ማለዳ ላይ ይችለዋል፣ አዳማ ወይም ድሬዳዋ ላይ እኩለ ቀን ማስሮጥ ግን ጭካኔ ነው። ኮሊና አውስትራሊያን ሼፐርድ ውስጥ በብዛት የሚገኝ ኤምዲአር1 የተባለ የጂን ለውጥም አለ፤ ይህ ያለበት ውሻ አይቨርሜክቲን ብዙ ከተሰጠው መድኃኒቱ አንጎሉ ውስጥ ገብቶ ሊጥለው ይችላል። አይቨርሜክቲን እኛ አገር ለከብት ጥገኛ ተባይ በየቦታው የሚወጋ መድኃኒት በመሆኑ ነገሩ ቀላል አይደለም። የዝርያው ስም እንግዲህ ከሯጩ ይልቅ ለእንስሳት ሐኪሙ ይጠቅማል። ለሯጩማ ከውሾች ሁሉ ፈጣኑን፣ በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር የሚፈተለከውን ግሬይሃውንድ ብንሰጠው ያፍርብናል፤ አንድ ጊዜ ተስፈንጥሮ ሲያበቃ ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ተዘርግቶ የሚውል ፍጡር ነው።

«ጉልበተኛ ውሻ በሩጫ አድክመው፣ ቤት ሲገባ ይረጋጋል» የሚለውም የዚሁ ምክር ታናሽ ወንድም ነው። በመጀመሪያው ወር እውነት ይመስላል። ውሻ በሮጠ ቁጥር ግን ልቡና ሳንባው እየጠነከረ ይሄዳል፤ ትናንት 5 ኪሎ ሜትር ያደከመው ዛሬ ማሟሟቂያው ይሆናል። በመጨረሻ የተገኘው የተረጋጋ ውሻ ሳይሆን የሠለጠነ ሯጭ ነው፣ ጌታው ጉንፋን ይዞት የተኛ ሳምንት አጥር የሚቆፍር፣ ጫማ የሚቦጫጭቅ፣ የጎረቤትን እንቅልፍ የሚነሳ። ውሻን ከሩጫ ባልተናነሰ የሚያሳርፈው እንደልቡ እያሸተተ በዝግታ መሄድና ጥግ ይዞ መተኛትን መማር ነው። ይህን ደግሞ ማክሰኞም ረቡዕም በእርጋታ ማስተማር የሚችለው አብሮት የሚውለው ሰው ነው፤ ያው ዘበኛው።

ቡችላ ይዞ መሮጥ ላይ ሌላም ጉዳት አለ። ትልልቅ የሚባሉት ዝርያዎች አጥንታቸው ረዝሞ የሚያበቃው፣ ጫፎቹም ጠንክረው የሚገጥሙት ከዓመት በኋላ ነው፤ አንዳንዶቹ ዓመት ተኩልም ይፈጃሉ። በአራት ወሩ ገመድ ታስሮ አስፋልት ላይ የሚጎተት ጀርመን ሼፐርድ፣ ድሮም በዳሌ መገጣጠሚያ ችግር የሚታወቅ ዝርያ ነውና፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ደረጃ መውጣት ሊያቅተው ይችላል። የሩጫ ጓደኛ ዛሬ የፈለገ ሰው ሁለት ወር የሆነው ቡችላ ምን ያደርግለታል? ያደገ ውሻ ቢወስድ ግን ግምት አያስፈልገውም። ይዞት ይወጣል፣ ግማሽ ሰዓት ያረማምደዋል፣ መኪና ሲጮኽ፣ ሕፃን ሲሮጥ፣ ሌላ ውሻ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ በዓይኑ ያያል።

ያደገ ውሻ ደግሞ ሞልቶናል። የሐበሻ ውሻ የምንለው፣ ቀጠን ያለው፣ ፀጉሩ አጭር፣ ከእረኛ ኋላ ሲወጣና ሲወርድ ውሎ ማታ ግቢ የሚጠብቀው ውሻ፣ ሠንጠረዡ ላይ ስም የለውም። ክለብ የለውም፣ የሚያስተዋውቀው ነጋዴም የለውም። ደጋው ላይ፣ በትንሽ ምግብ፣ በቀዝቃዛ ሌሊትና በጠራራ ፀሐይ ተፈትኖ የቀረ ነው፤ ሯጮቻችንን ባፈራው ከፍታ ላይ ለመሮጥ ከእሱ የተሻለ ማን አለ? አላሞግሰውም እንጂ። ሰው ያልለመደው፣ ድንጋይ ሲወረወርበት ያደገው ፈሪ ይሆናል፣ ፈሪ ውሻ ደግሞ ይነክሳል። ማለዳ የሚሮጥ ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ ጠጠር የሚይዘው በከንቱ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሌለው ውሻ፣ ሐበሻም ይሁን ፈረንጅ፣ በር መውጣት የለበትም።

ክትባቱን ካነሳሁ ተራራ ወጪዎቹንም ሳልነካ አላልፍም። «ተራራ የሚችል ዘር» ገዝቶ ባሌ ይዞት ለመሄድ የሚያስብ ሰው አይጠፋም። ባሌ ውስጥ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ፣ በመላው ዓለም ለአካለ መጠን የደረሱት ቁጥራቸው ከ500 በታች ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003 እና በ2008 የእብድ ውሻ በሽታ፣ በ2010 ደግሞ ዲስቴምፐር የተባለው የውሻ በሽታ ገብቶ ፈጅቶታል፤ በሽታው የመጣው ከቤት ውሻ ነው። የውሻው ዝርያ የቱንም ያህል ለተራራ ቢስማማ፣ ባሌ ውስጥ ሳነቴ በተባለው ደጋ ላይ ከመኪና የሚወርድበት ምክንያት የለም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እኔ ግን ሀስኪ ነው የምፈልገው» የሚል ይኖራል። ገንዘቡ የራሱ ነው። መጀመሪያ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ጭቃውና ዝናቡ ሳያስቀረው፣ በየማለዳው ያለ ውሻ ሮጦ ይየው። ክረምቱን ከጨረሰ ይግዛ። ሻጩ ጋ ሲደውልም ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው የቡችላውን እናት ማየት ይችል እንደሆነ ይሁን፤ ሰው ሲቀርባት ትደበቅ ወይ ትቀርብ እንደሆነ ያስተውል። «እናቷ እዚህ የለችም» ካለው ስልኩን ይዝጋ።