«አፍዎ ምንም የለውም» ብለን አንሸኛቸው



ወረታ ላይም ሆነ በፎገራ ቀበሌዎች አንዲት እናት «ምላሴን በርበሬ እንደነካው ያንገበግበኛል» ብለው ሲመጡ አፋቸው ይታያል፤ ቁስል የለም። «ደህና ነዎት» ይባላሉ፣ ወይም የጨጓራ መድኃኒት ይዘው ይመለሳሉ። ይህ ልማድ መቅረት አለበት እላለሁ።

ምንም ሳይታይ በየቀኑ ከ2 ሰዓት በላይ፣ ከ3 ወር ለበለጠ ጊዜ የሚያቃጥል አፍ ራሱን የቻለ ሕመም ሊሆን ይችላል። በብዛት የሚያጠቃውም ያረጡ ሴቶችን ነው።

ሕመሙ ጣዕምንም ይነካል። አንዳንዶችን ምግቡ ሁሉ ይመራቸዋል ወይም ብረት ብረት ይላቸዋል። ሌሎች ጨው በደንብ አይሰማቸውም፤ በርበሬ ግን እሳት ይሆንባቸዋል። የበርበሬን ማቃጠል የሚያደርሰው የሕመም ነርቭ እንጂ የጣዕም ነርቭ አይደለምና። እንዲያውም የጣዕም ነርቭ ሲዳከም የሕመሙ ነርቭ ልጓም እንደሚያጣ የሚያስቡ ተመራማሪዎች አሉ።

ወጥ የሚቀምሱት እኒሁ እናት ናቸው። ጨው ሲበዛ ቤተሰቡ «ሙያቸውን ረሱ» ይላል። ደም ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ ያ ጨው ጉዳት ነው።

ስለዚህ ከመሸኘታችን በፊት እነዚህን እንመርምር፦
✔️ ደም ማነስ፣ የአይረንና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት
✔️ የስኳር በሽታ
✔️ የአፍ ድርቀትና ፈንገስ
✔️ የሚወስዱት መድኃኒት፤ ለምሳሌ የግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪል (በራስዎ ግን አያቋርጡ!)

ቢ12 በሩዝ፣ በሽንኩርትም ሆነ በቲማቲም ውስጥ የለም፤ የሚገኘው ከወተት፣ ከእንቁላል፣ ከሥጋና ከዓሣ ነው። ጾም ይተዉ አልልም። ነገር ግን በፍስኩ ጊዜ የላሚቱ ወተት ሁሉ ለገበያ፣ እንቁላሉም ለልጆች ብቻ አይሁን፤ ለእናትም ይድረሳት።

ሌላ ምክንያት ካልተገኘም ተስፋ አይቁረጡ። በርበሬ፣ ሎሚና አረቄ መቀነስ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ጎንጨት ማለት ያስታግሳል። ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙ መድኃኒቶችም የሚረዷቸው አሉ። ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ካለ ግን ሳይዘገዩ ይታዩ።

ቤተሰብም ሆንን ባለሙያዎች፣ ዓይናችን ያላየውን ሕመም የለም አንበል። እናትዎ ወጡን ደጋግመው ጨው ካበዙበት፣ ከመውቀስዎ በፊት «አፍዎን ያምዎታል?» ብለው ይጠይቋቸው።

ለሌሎችም ያጋሩ።