ከሳጥናችን ውስጥ አንቲባዮቲኩ ይውጣ

እህቶቼ፣ ባለፈው እሁድ ስብሰባ ላይ ይህን ጉዳይ ሳነሳ ግማሾቻችሁ ሳቃችሁ፣ ግማሾቻችሁ ተቆጣችሁ። አንዷ እንዲያውም «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዶክተር የሆንሽው?» አለችኝ። ልክ ናት፣ ዶክተር አይደለሁም። ከአሥረኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ስምንት ዓመት እዚህ ቤሩት የሰው ቤት ሳጸዳ ነው የኖርኩት። ግን ያን ቀን አፍሬ ያልተናገርኩት ነገር ስላለ አሁን ልጻፈው።

ሳጥኑን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማዳሞቻችን ተርፏቸው የሰጡንን፣ ልጆቻቸው ጀምረው የተዉትን፣ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣውን መድኃኒት የምናጠራቅምበት የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ከደግነት የመጣ ሐሳብ ነው፣ እኔም አዋጥቼበታለሁ። ጉሮሮዋን ያመማት ትከፍታለች፣ ሽንት ያቃጠላት ትከፍታለች፣ ሁለት ሦስት ካፕሱል ይዛ ትሄዳለች።

አምና አንድ እሁድ አንዲት ጓደኛችን ጥርሷን አሟት፣ ጉንጯ አብጦ መጣች። እኔ ነኝ ሳጥኑን የከፈትኩት። «ፔኒሲሊን እንዳይሆን፣ ልጅ ሆኜ መርፌውን ተወግቼ ሰውነቴ ሁሉ አብጦ ነበር» አለችኝ። ማሸጊያውን አነበብኩና በሙሉ ልብ «አይደለም፣ ይሄ አሞክሳሲሊን ነው» አልኳት። አምናኝ ዋጠችው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከንፈሯ አበጠ፣ አንገቷና ደረቷ ላይ ሽፍታ ወጣ፣ ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ። ቀይ መስቀል ዘንድ፣ 140 ልደውል ስል እጄን ያዘችኝ። ኢቃማዋ ካለፈ ቆይቷል፣ በዚያ በታፈነ ድምጿ «ያስይዙኛል» ትለኛለች። እውነቱን ልናገር፣ እኛም አመነታን። የደወለችው የጎረቤት ሴትዮ ናት። አምቡላንሱ ገንዘብ አልጠየቀንም፣ የሆስፒታሉን ግን ተበድረን ከፍለን እስከ ዛሬ ዕዳው አላለቀም። ሐኪሙ ምን እንደወሰደች ጠየቀኝ፣ ማሸጊያውን አሳየሁት። «ይሄ እኮ ራሱ ፔኒሲሊን ነው» አለኝ። ያን ቀን የነበርነው አራት ነን፣ እሷም እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች።

አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሎክሳሲሊን የሚባሉት ሁሉ የፔኒሲሊን ዘር ናቸው። ስማቸው «ሲሊን» ብሎ ስለሚያልቅ እሱን እንኳ ማየት ይቻላል። ኦግመንቲን ግን ስሙ ምንም አይናገርም፣ ውስጡ ያለው ያው አሞክሳሲሊን ነው። ለጥርስ፣ ለጆሮ፣ ለሳንባ ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው፣ ብዙውን ሰው ከተቅማጥና ከሆድ ማወክ በላይ አይጎዱም። ለማይስማማው ሰው ግን የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

«እንግዲያው እነሱን እናውጣ፣ ሌላው ይቆይ» ያላችሁ አላችሁ። የቱ ሌላው? ሽንት ላቃጠላት ሁሉ የምናድለው ሲፕሮ? እሱ ጅማት ይጎዳል፣ በተለይ ከተረከዝ በላይ ያለውን ወፍራሙን ጅማት፣ እስከመበጠስ ሊያደርሰው ይችላል። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ለዚህ ዘር በሙሉ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አዟል። እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆመን የምንውል፣ መሰላል ላይ ወጥተን መስታወት የምንወለውል ሰዎች ነን። በዚያ ላይ ከወተት ወይም ከላብኔ ጋር ከተዋጠ ወደ ደም በደንብ አይገባም፣ ጉዳቱን ይዞ ጥቅሙን ያስቀራል።

ወይስ አገር ቤት ቲቲሲ የምንለው ቴትራሳይክሊን? ስንቶቻችን ነን ካፕሱሉን ፈልቅቀን ቁስል ላይ የነሰነስን! እሱና ወንድሙ ዶክሲሳይክሊን ቆዳን ፀሐይ የማይችል ያደርጋሉ፣ ሰገነት ላይ ልብስ ስታሰጪ ትቃጠያለሽ። ማታ ደክሞሽ ያለ በቂ ውሃ ውጠሽ ከተኛሽ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ያቆስላል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ የትንንሽ ልጆችን ጥርስ ያበላሻል። ከሳጥኑ ከወሰዱት መካከል «ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ?» ተብላ የተጠየቀች አለች? ፍላጅል ደግሞ ለአሜባና ለጃርዲያ ነው እንጂ ሆድ በቆረጠ ቁጥር የሚዋጥ አይደለም።

ሴት ለሴት ስለሆንን ይሄንንም ልበል። አንቲባዮቲክ ጥሩዎቹንም ባክቴሪያዎች ስለሚገድል፣ ከዚያ በኋላ ፈንገስ ይነሳና ማሳከክና ነጭ ፈሳሽ ይመጣል። እኛ ያን ስናይ «አልለቀቀኝም» ብለን ሌላ ካፕሱል እንጨምራለን።

ለጉንፋን የምትወስዱትንማ ምን ልበላችሁ። ጉንፋን ከቫይረስ ነው፣ አብዛኛው የጉሮሮ ሕመምም እንደዚያው፣ አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። «ወስጄ በአራተኛው ቀን ተሻለኝ» ትያለሽ፤ ባትወስጂም በአራተኛው ቀን ይሻልሽ ነበር። ሁለትና ሦስት ፍሬ መዋጥ ደግሞ ደካማውን ባክቴሪያ ገድሎ ጠንካራውን ያስተርፋል፣ የተረፈው መድኃኒቱን ይላመዳል። ፔኒሲሊንን በ1928 ያገኘው ፍሌሚንግ ራሱ፣ በ1945 ኖቤል ሲቀበል ከዚህ አስጠንቅቋል። አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆነን ስንተኛ የአንዷ የተላመደ ባክቴሪያ የሁላችንም ነው።

አሁን ወደ ዋናው መከራከሪያችሁ ልምጣ፦ «ሐኪም የት አለና?» ይሄ እውነት ነው፣ አልክድም። የኔ የመጀመሪያዋ ማዳም ትኩሳት ይዞኝ ስንቀጠቀጥ ከፍሪጅ የልጇን ሽሮፕ አውጥታ ነው የሰጠችኝ፤ የተበጠበጠ ሽሮፕ ደግሞ ከአንድ ወይ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም። ግን እኮ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የሥራ ውል አሠሪዋ ሕክምናሽን እንድትችልና ኢንሹራንስ እንድትገባልሽ ያስገድዳል። በኮንትራት ያላችሁ፣ ወረቀቱ የት እንዳለ ጠይቁ። ለእሷ የተረፋትን ፍሬ አመስግነን በተቀበልን ቁጥር ሐኪም ቤት መውሰዱን እንተውላታለን፣ እሷም ደስ ብሏት ትተወዋለች።

ወጥተን በየራሳችን ለምንሠራው ግን ወረቀትም የለ። ለዚህ ነው ከወር መዋጯችን ለሐኪም የሚሆን ይለይ የምለው። ለልደት ኬክ እናዋጣ የለ እንዴ? ፋርማሲ ገብቶ መጠየቅ ደግሞ ገንዘብ አያስከፍልም። «ሃይዳ ፊ በንሲሊን?» በሉ፣ ይሄ ፔኒሲሊን አለው ወይ ማለት ነው። የማይስማማችሁ ደግሞ «አንዲ ሐሳሲዬ አል በንሲሊን» የሚለውን በቃላችሁ ያዙ። አስተናጋጁ ባይጠይቃችሁም እናንተ ንገሩት።

ሳጥኑ ይጥፋ አላልኩም። ፓራሲታሞል ይቀመጥ፣ ፋሻ ይቀመጥ፣ አገር ቤት ለምለም የምንለው የተቅማጥ ዱቄት ይቀመጥ። በመጪው እሁድ ሳጥኑ ሲከፈት እኔ ፌስታል ይዤ እመጣለሁ። የምትቃወም ካለች ያን ቀን ትናገር። ጓደኛችንም ከጎኔ ትቀመጣለች፣ ለእሷም ትንገራት።