ቺንጋው ሳይበጠስ

ደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም። ሰውየው «ደህና ነኝ» እያለ ይውላል፤ የሚታወቀው ሲለካ ነው። በአሮጌ መኪና ሞተር ውስጥም እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ መካኒኮች ታይሚንግ ቺንጋ ወይም ታይሚንግ ቤልት ይሉታል።

ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው። ሥራው ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ሳይጋጩ በሰዓታቸው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ ማድረግ ነው። መኪናው እየሄደ ሲበጠስ፣ በብዙ ሞተሮች ወደ ላይ የሚወጣው ፒስተን ክፍት የቀረውን ቫልቭ ይመታል። ቫልቩ ይጣመማል፤ አንዳንዴም ፒስተኑ ይሰበራል። ያኔ ቴስታታ ማውረድ ግድ ይሆናል፤ ወጪውም የቺንጋ መሆኑ ቀርቶ የሞተር እድሳት ይሆናል። የናፍጣ ሞተር በቫልቭና በፒስተን መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ይበልጥ ይጎዳል። ሲበጠስ ከመቆም በቀር የማይጎዱ የቤንዚን ሞተሮችም አሉ፤ በቺንጋ ፈንታ በካቴና የሚሠሩ ሞተሮችም አሉ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ መካኒካችሁን ጠይቁ።

ብዙ አምራቾች ቺንጋው 100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ እንዲቀየር ያዛሉ። በብዙ የናፍጣ ቶዮታዎች ዳሽቦርድ ላይ ለዚሁ የሚበራ መብራት አለ፤ መብራቱ ግን ኪሎ ሜትር ይቆጥራል እንጂ ቺንጋውን አያይም። ጎማ ደግሞ መኪናው ቆሞም ያረጃል፤ ዘይት ከነካው ዕድሜው ያጥራል። ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ፣ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። ሲቀየር መወጠሪያውም አብሮ ይታይ። ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጽፋችሁ ኮፈኑ ሥር ለጥፉ፤ የልጅ ክትባት የሚያዘው በካርድ እንጂ በቃል አይደለም።

መኪናውን ለሚነዱ ልጆቻችሁ ደግሞ ይህን ንገሯቸው። ሞተሩ በጉዞ ላይ ድንገት ፀጥ ካለ፣ ሞተሪኖውም ከወትሮው ቀልሎ የሚሽከረከር ከሆነ፣ ደጋግመው ለማስነሳት አይሞክሩ። መንገደኛው «ማርሽ አስገባና እንግፋህ» ቢል አመስግነው እምቢ ይበሉ። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ እያንዳንዱ ዙር የተረፈውን ቫልቭ ሊያጣምም ይችላል። ማርሹን ፈትተው መኪናውን ወደ ዳር ያውጡ፣ ሕፃናቱን ከመንገዱ ያርቁ፣ ጎታች ይጥሩ።

ለበዓል ወደ አገር ቤት ልትወጡ ያሰባችሁ፣ ከመንገዱ በፊት ጋራዥ ጎራ በሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።