ስሙ ብርቱካን፣ ውስጡ ስኳር

በገዳሪፍና በፋሽጋ መንደሮች የታመመ ወይም የወለደች ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ቀድሞ የሚይዘው ሎሚ ወይም ጥቂት ብርቱካን ነበር። ዛሬ የዱቄት ጁስ ከረጢት ወይም የፍራፍሬ ሥዕል የተለጠፈበት ጠርሙስ ይዞ መግባት ወግ ሆኗል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት አራስ ሊጠይቅ ከገባበት ቤት፣ የቤቱ እመቤት የሆኑት አዛውንት ከሱቅ የመጣውን የባቄላ ቆርቆሮና የቲማቲም ድልህ «የሞተ ምግብ ነው፤ ለአራስ አይሆንም» ብለው ወደ ጓዳ ሲያስመልሱት፣ ወዲያውም ለአራሷ ትልቅ ብርጭቆ ቢጫ ጁስ «ደም ይተካል» ብለው ሲያቀርቡላት ተመልክቷል። ለእኒህ እናት ያለኝ ክብር እንዳለ ሆኖ፣ ፍርዱ ተገልብጧል ብዬ እከራከራለሁ።

ቆርቆሮው ምን በድሎ ነው ሞተ የተባለው? ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር እ.ኤ.አ. በ1810 ዘዴውን በመጽሐፍ ያሳተመው ምግቡን በዕቃ ዘግቶ በመቀቀል እንጂ አንዳች መድኃኒት በመጨመር አልነበረም። ሙቀቱ የሚያበላሹትን ተሐዋስያን ይገድላል፤ ከቫይታሚን ሲም የተወሰነውን ያጠፋል፤ ይህን አልክድም። ፕሮቲኑን፣ ብረቱንና አሠሩን ግን አያጠፋም። ከ100 ግራም የቆርቆሮ ባቄላ ወደ 5 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን ይገኛል። ቲማቲምማ ሲበስል ቀይ ቀለሙን የሚሰጠው ሊኮፒን ከጥሬው ይልቅ ለሰውነት ይቀልላል። እውነተኛው ነቀፋ ጨው ነው፤ እርሱም ባቄላውን በውሃ በማለቅለቅ ይቀንሳል። ያበጠ ቆርቆሮ ያለ ማመንታት ይጣል። በሽሮፕ የተዘፈዘፈ የቆርቆሮ ፍራፍሬም ከጠበቃነቴ ውጭ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ከረጢቱ እንምጣ። ስኳር፣ ሲትሪክ አሲድ፣ ማጣፈጫ መዓዛ፣ ቀለም፣ ብዙ ጊዜም ጥቂት ቫይታሚን ሲ። በብዙዎቹ ላይ በዐረብኛ የተጻፈው ቃል «ቢነክሀት አል ቡርቱቃል» ነው፤ የብርቱካን ጣዕም ያለው ማለት ነው። ጭማቂ አላለም! አምራቹ በጽሑፍ ያልደፈረውን ውሸት ባለሱቁ በአፉ ይሞላለታል፤ እኛም አምነን እንገዛለን። በጠርሙስና በጣሳ የሚሸጡት ጣፋጭ መጠጦችም ብዙዎቹ በ330 ሚሊ ሊትር ውስጥ ወደ 35 ግራም ስኳር ይይዛሉ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ቢቻል እንዳይታለፍ የመከረው መጠን ለአንድ ዐዋቂ በቀን 25 ግራም ገደማ ነው።

ተከራካሪዬ «ቫይታሚን ሲውስ?» ማለቱ አይቀርም። በዚህ ምድር ላይ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከረሃብና ከጦርነት ሸሽተው ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገቡ ኢትዮጵያውያን በመጠለያዎች ውስጥ ድድ በሚያደማው፣ ጉልበት በሚያስረው የስከርቪ በሽታ ተሠቃይተዋል፤ በ1985 ደግሞ በቫይታሚን ኤ እጦት የሚመጣ የዓይን በሽታ በመካከላቸው ታይቷል። እህልና ዘይት ነበራቸው፤ ያጡት አትክልትና ፍራፍሬ ነበር። አንድ ቁንጥር ቫይታሚን ሲ ያን ድድ ባዳነ ነበር፤ እቀበላለሁ። ነገር ግን ያን አንድ ቁንጥር ለማግኘት ሙሉ ከረጢት ስኳር መጠጣት ምን የሚሉት ሕክምና ነው? ሱዳኖች ተበልዲ ከሚሉት ዛፍ የሚለቀመው ጎንጎሌዝ በክብደት ሲመዘን ከብርቱካን የበለጠ ቫይታሚን ሲ አለው፤ በውሃ ተዘፍዝፎ የሚጠጣውም ከጥንት ጀምሮ ነው። (ስኳሩን በማንኪያ ሳይሆን በእፍኝ የሚጨምሩበት ወዳጆቼ ይህን ምስክርነት ለራሳቸው እንዳይጠቅሱብኝ አደራ እላለሁ።)

ክርክሩ የቅምጥሎች የጣዕም ክርክር እንዳይመስል የሰሊጡን እርሻ እናስብ። በመተማና በሑመራ በኩል ሳሉግ የሚባሉት የቀን ሠራተኞች በአጨዳ ወራት ሜዳ ላይ ያድራሉ። ገዳሪፍም ሆነ መተማና ሑመራ የካላአዛር አገር ናቸው፤ ይህ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ ደግሞ በምግብ እጥረት የደከመ ሰውነት ላይ ይበረታል። ሠራተኛው ጥማቱን በጣፋጭ ቀለም ሲያስታግስ ረሃቡም ለጊዜው ይዘጋል። ያ ገንዘብ ባቄላ ሊገዛለት ይችል ነበር። አሠሪዎችም ቢሆኑ ለሠራተኛ ጁስ ማቅረብን እንደ ቸርነት መቁጠራቸውን ይተዉ።

«ትኩስ አትክልት እያለ ቆርቆሮ ለምን?» የሚለው ተቃውሞ የከሰላን የፍራፍሬ ማሳዎች ለሚያይ ሰው ትክክል ነው። ፋሽጋ ግን በአትባራና በሰቲት ወንዞች የታቀፈ ምድር ነው፤ ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ክረምቱ ሲገባ አካባቢው ከተቀረው ሱዳን ይቆረጥ ነበር። ለዚህም ነው የአካባቢው ሴቶች ባምያውን አድርቀው፣ ፈጭተው፣ ዌካ ብለው የሚያስቀምጡት። የቆርቆሮው ሥራ ከዌካው ሥራ በምን ይለያል? ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በከሰላ የሽንኩርት ማድረቂያ፣ በከሪማ የአትክልትና ፍራፍሬ ማሸጊያ ፋብሪካ ስታቋቁም ይህንኑ ተረድታ ነበር። በእኛም በኩል የመርቲን ድልህ የማያውቅ የጾም ወጥ ሠሪ ብርቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ሚያዝያ የሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ገዳሪፍ ብዙ ተፈናቃይ ተቀብላለች፤ በየቤቱ የሚጠየቅ ሕመምተኛም በዝቷል። ሎሚ ያገኘ ሎሚ ይያዝ። ያላገኘ ሁለት ቆርቆሮ ባቄላ ይዞ ቢገባ ሊያፍር አይገባም፤ የሚያሳፍረው ከረጢቱን ነው። ባለሱቆቻችንም «የብርቱካን ጭማቂ ስጠኝ» ላለ ደንበኛ ከረጢቱን ከማንሣታቸው በፊት «ቢነክሀት» የሚለውን ቃል ያንብቡለት።